ስለ ዝቅተኛዋ መኪናዎና ስለተቆረጠው ክትራችን

ለክቡር አቶ ሀብተ ሥላሴ ሣህሌ
የጥጥ እርሻው ዋና ሥራ አስኪያጅ

ሰኔ 22 ቀን 1959 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል ብቻ አይደለም። መኪናዎ ሞላዋ ከተቆረጠ ወዲህ የተቀመጠባት ሰው ወገብ የመንገዱን ጠጠር አንድ በአንድ እንደሚቆጥር ሾፌርዎ ስለሚናገር፣ ሠራተኛው ሁሉ በየጸሎቱ ያስብዎታል። እኔ ቢሮዎን የምጠርገውና ሻይዎን የማቀርበው ስንቅነሽ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በፊትዎ ስመላለስ ከ«እሺ ጌታዬ» በቀር ሌላ ቃል ሰምተውኝ ስለማያውቁ፣ ይህን ያህል ወረቀት የሚሞላ ነገር ከየት አመጣች ብለው ቢደነቁ አይፈረድብዎትም።

አቤቱታዬን በምስጋና ልጀምር።

አንደኛ፤ ስለ ትሕትናዎ አመሰግናለሁ። ሌላው ሹም ከፍ ያለ መኪና ሲመኝ፣ እርስዎ ግን በውጭ አገር መጽሔት ላይ ያዩት ሥዕል ልብዎን ማርኮት፣ ያችን ነጭ አውቶሞቢል አዋሽ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለው ወደ መካኒኩ ወደ ጣሃ ጋራዥ ወስደው፣ የፊቱን ሞላ በመጋዝ አስቆርጠው፣ ከኋላው ባሌስትራም ግማሹን ቅጠል አስወልቀው፣ በመኪናዋ ሆድና በመሬቱ መካከል ድመት እንኳ አጎንብሳ የማታልፍባት አድርገው ይዘዋት ተመለሱ። ጣሃ በሙያው ሐቀኛ ሰው ስለሆነ «ጌታዬ፣ ሞላ መቁረጥ ቀላል ነው፤ የተቆረጠውን መልሶ መቀጠል ግን የለም። የእርሻው መንገድ ደግሞ ቦይና ጉብታ ነው» ሲል አስቀድሞ ነግሮዎት ነበር። እርስዎም «አንተ ቁረጥ፤ መንገዱን ለእኔ ተው» አሉት። ጣሃ ይህን ሲያወራ ሰምተን ስቀናል። የሳቅነው መንገዱን ምን እንደሚያደርጉት ገና ስላላወቅን ነው።

ሁለተኛ፤ ስላመጡልን ጨዋታ አመሰግናለሁ። ሰፈሩ መኪናዎን «አዞዋ» ብሎ ስም አውጥቶላታል፤ በሆዷ ስለምትሳብ እንጂ ለክፋት አይደለም። ወተት ይዛ የምትመጣልን አፋሯ ሰኢዳም ባለፈው ቆማ ስታያት ቆይታ፣ «ወላሂ፣ ግመል የምትንበረከከው ሊጭኗት ሲሉ ነው። ይቺ ምን ሊጭኗት ነው እንዲህ የተኛችው?» ብላ ጠየቀች። ካቦው ውብሸት አጠገቧ ቆሞ ነበር። ውብሸት ቀልድ የሚያውቅ ሰው አይደለም። «እኛን» አላት።

ሦስተኛ፤ ስምንት ሰዎች ከአረም ሥራቸው እየተነሡ፣ መኪናዎ ቦይ በደረሰች ቁጥር ሆዷ እንዳይጫር እንደ ታመመ ሰው በእጃቸው አንሥተው ሲያሻግሩልዎ ከረሙ። ከእነርሱ አንዱ አዲስአለም ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ እንኳ ቢወርዱልን እኮ ይቀለን ነበር» ቢልዎ፣ «ጫማዬ ይቆሽሻል» ብለው መለሱለት። መልስዎ እውነት ነው። ቦዩ ጭቃ ነበር።

አራተኛ፤ አሁን ወደ ክትሩ ልምጣ። ክቡርነትዎ ከእኛ በኋላ ስለመጡ ምናልባት የነገረዎት የለም። በወንዙና በታችኛው ሰፈራችን መካከል ያለው የአፈር ክትር በትራክተር የተሠራ አይደለም። ከወሎም ይምጣ ከከምባታ፣ ለሥራ ወደዚህ እርሻ የወረደ ሰው ሁሉ መቆፈሪያ ከመቀበሉ በፊት ሦስት ቀን ለክትሩ አፈር ይሸከማል። ክትሩ ላይ አፈር ያልደፋ ሰው የሰፈሩን ውሃ አይጠጣም የሚባል ደንብ አለን፤ ያወጣው ሹም የለም፤ የጣሰውም ሰው እስከ ዘንድሮ አልነበረም። በዚህ ዓይነት ክትሩ በየዓመቱ እያደገ ሄዶ የቆመ ሰው ቁመት አክሏል። መንገዱም በላዩ ወጥቶ ይወርድ ነበር፤ የጭነት መኪናውም፣ በሬውም፣ አህያውም ያለ ችግር ይሻገሩታል። የአዞዋ ሆድ ግን አናቱ ላይ ተቀመጠና አራት ጎማዋ በአየር ላይ ቀረ።

እርስዎም ሰኔ 8 ቀን ካቦውን ጠርተው፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከእንግዶችዎ ጋር ወንዝ ዳር ነፋስ ለመቀበል እንዲመችዎ፣ ክትሩን በሁለት መኪና ስፋት እስከ መሬቱ ድረስ እንዲቆርጠው አዘዙት። ውብሸት «ጌታዬ፣ ወንዙስ?» ቢልዎ «ወንዙን ማን ጠራው?» አሉት። ወንዙ ሳይጠሩት የማይመጣ ጨዋ መሆኑን ስላስተማሩን እናመሰግናለን። እስከ ዛሬ በየነሐሴው ሲመጣ የጠራው ያለ አይመስለንም ነበር።

አምስተኛውን በምስጋና መጀመር አቃተኝ፤ ይቅርታዎን።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ማንበብ እችላለሁ። ትምህርት ቤት የላከኝ የለም። ሟች ባለቤቴ ይገዙ የቤታችንን ጭቃ ግድግዳ አሮጌ ጋዜጣ ለጥፎበት ነበርና፣ ፊደሉን ከጎረቤት ልጆች አንድ በአንድ እየጠየቅሁ ግድግዳውን በሙሉ አነበብኩት። ይገዙ ፊደል ስለማያውቅ ግማሹን ጋዜጣ ገልብጦ ነበር የለጠፈው። ስለዚህ የቆመውንም የተገለበጠውንም እኩል አነብባለሁ። ከጠረጴዛዎ ማዶ ቆሜ ሻይ ስቀዳልዎ፣ ከፊትዎ ያለው ወረቀት ሁሉ በእኔ በኩል የተገለበጠ ነው።

በነሐሴ 1956 ዓ.ም. ከእርስዎ በፊት በነበሩት ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛ ላይ፣ ከላይ ብዙ ውሃ እየወረደ መሆኑን የሚናገር ቴሌግራም አነበብኩ። በኅዳጉ «ለሠራተኛው አይነገር፤ ሥራ ይፈታል» ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ክትሩ ያን ጊዜ ከጉልበት ብዙም አያልፍም። ለይገዙ ነገርኩት። «ዝም በይ፤ ጠራጊዋ የሹም ወረቀት ታነባለች ከተባለ ነገ ሁለታችንም እንባረራለን» አለኝ። ዝም አልኩ። አልጋችንንና ሁለቱን ፍየሎቻችንን ወደ ኮረብታው ስናወጣ፣ ጎረቤቴ አለሚቱ ወባ ይዟት በራፏ ላይ ተኝታ አየችን። «ምነው ስንቄ፣ ጓዝሽን ተሸክመሽ ወዴት ነው?» አለችኝ። «ትኋን ፈጀን» አልኳት። «እኔንስ መች ማረኝ፤ ትንሽ ሲሻለኝ እከተልሻለሁ» ብላ ሳቀች። በማግስቱ ውሃው ወሰዳት።

ይገዙ ይህን ለማንም ሳይናገር በዓመቱ ሞተ። እኔም እስከ ዛሬ አልተናገርኩም። ሌላውን ለመንቀፍ ብዕር ያነሣ ሰው የራሱን አስቀድሞ ቢያወጣ ይሻላል ብዬ እንጂ፣ ክቡርነትዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ የመስኖው መሐንዲስ የጻፉልዎት ደብዳቤ በጠረጴዛዎ ላይ ነበር። «የተቆረጠው ክትር እስከ ሐምሌ አጋማሽ ካልተሞላ የታችኛው ሰፈር ከነሐሴው ሙላት አይተርፍም» ይላል። እርስዎም በቀይ እርሳስ «መኪናው ማለፊያ ያጣል። ከመስከረም በኋላ ይታይ» ብለው ከታች ፈርመዋል። የእጅ ጽሕፈትዎ እጅግ ያማረ ነው፤ ተገልብጦም ይነበባል። ከመስከረም በኋላ የሚያዩት ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። በታችኛው ሰፈር ሁለት መቶ ቤት አለ። ነሐሴ ካለፈ በኋላ የሚታየው ጭቃ ነው፤ እሱን ደግሞ ጫማዎ አይወደውም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የሚከተለውን ለመለመን ሳይሆን ለማስታወቅ እወዳለሁ። በመጪው እሑድ፣ ሰኔ 25 ቀን፣ የታችኛው ሰፈር ሰው ወጥቶ ክትሩን እንደ ቀድሞው ቁመቱ ይሞላዋል። አካፋና ዶማ የእርሻው ንብረት ስለሆነ አንነካም፤ በየቤታችን ቅርጫትና ጣሳ አለን። ማን እንዳስተባበረ ለማወቅ የሚደክሙ ከሆነ ካቦውን አያስቸግሩት። ቤት ለቤት እየዞርኩ ያነበብኩትን የነገርኩት እኔ ነኝ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ለጎረቤቶቼ የተናገርኩት እውነት ይህ የመጀመሪያው ነው። መኪናዎ ከእንግዲህ ክትሩን ለመሻገር ከፈለገች እንደ ሌሎቹ መኪናዎች ትነሣ፤ ካልሆነላት ደግሞ ክቡርነትዎ በእግርዎ ይሻገሩ። መንገዱ ሰው ያሳልፋል።

ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ አልተጻፈም። አንዱን ቅጂ ለመሐንዲሱ ሰጥቻለሁ፤ አንዱን በእርሻው ሱቅ ግድግዳ፣ ሌላውን በጣሃ ጋራዥ በር ላይ ቀጥ አድርጌ ለጥፌዋለሁ። ፊደል ለማያውቁት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ደጃፍ ቆሜ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ድምፄን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ብዙ ስለሆኑ፣ ለዚያ ሲሉ እንኳ ይመጣሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የቢሮውን ቁልፍ በፖስታው ውስጥ ያገኙታል። መባረርን ፈርቼ አይደለም፤ እኔን የማባረሩ ድካም በወገብዎ ላይ እንዳይጨመር ብዬ ነው።

ትሕትናዎ ከመኪናዎ ዝቅ ሳይል፣ ክብርዎም ከሁለት መቶ ቤት በላይ ሳይንሳፈፍ፣ ረጅም ዕድሜና ለስላሳ መንገድ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ እስከ ትናንት ድረስ ሻይዎን በጸጥታ ያቀረብኩልዎ፣ ከእሑድ ጀምሮ ግን አፈር የምሸከመው፣

ስንቅነሽ ወልደ ኢየሱስ
የታችኛው ሰፈር ነዋሪ

ማስታወሻ፦ ሥራውን የምንጀምረው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት እንደ ልማድዎ ከእንግዶችዎ ጋር ወንዝ ዳር እንደሚሆኑ እናውቃለን። ክትሩ ሲዘጋ መኪናዎ ከእኛ ወገን ትሁን ወይስ ከወንዙ ወገን፣ ምርጫውን ለክቡርነትዎ ትተናል።