ላንድሮቨሩን የሠራው እጅ

ይድረስ ለአባዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሳሉስ ተወዎት? እናቴስ፣ እህቴ ሀይፋስ፣ ጎረቤቱስ እንዴት ከረመ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። የአቀስታ ብርድ አጥንት ቢሰብርም የአክስቴ ቤት ይሞቃል። ተናድጃለሁ እንጂ አልታመምኩም።

የላኩብኝን መልእክት አክስቴ ነግራኛለች። መጥታ የመምህር አምባቸውን ፔጆ በር ታስተካክል፣ እሷ ጥላን ባትሄድ ይህ ሁሉ ባልመጣ ብለዋል አሉ። ይህን ስሰማ የያዝኩትን ብርጭቆ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ስልክ ያልደወልኩት ስልክዎን የሚያነሳው ሙእሚን ስለሆነ ነው። ከወንድሜ ጋር የምነጋገረው ነገር የለኝም፤ ጉዳዬ ከእርስዎ ጋር ነው።

እኔ ነኝ ጥያችሁ የሄድኩት? እስኪ ከመጀመሪያው እናንሳው።

አቶ አራጌ ያንን ሙሽራ የሚያመላልሱበትን አሮጌ ላንድሮቨር ወደ ጋራዣችን ሲያመጡት የሁለቱም በር እጀታ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ነበር። የእኛ አገር ሰው እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ካልሆነ መኪና የወጣ አይመስለው፤ እጀታውን ወደ ቦታው የምትመልሰው ትንሿ ሞላ ደክማ ተሰብራለች። ሙእሚን ያን ሳምንት ደሴ ነበር። ያውቃሉ። የበሩን ልባስ የፈታሁት እኔ ነኝ። ዕቃው ደሴም አዲስ አበባም ሲታጣ ጠንካራ ሽቦ በፒንሳ እየጠመዘዝኩ ሞላውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የግራው በር ሞላ ወደ አንድ ወገን፣ የቀኙ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ስለዚህ አንዱ በር ተገጥሞ ሳያልቅ ሌላው አይነካም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እንዳሉኝ አደረግሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ጣቴ ተልጦ በጨርቅ አስሬ ነው የጨረስኩት።

በገበያው ዕለት አቶ አራጌ መጥተው እጀታውን ሳብ አድርገው ቢለቁት ቀጥ ብሎ ተመለሰ። ደስ ብሏቸው ይህን የሠራውን እጅ ልመርቅ፣ የማን ነው ብለው ጠየቁ። ያ ሁሉ ገበያተኛ እየሰማ እርስዎ ምን አሉ? የሙእሚን ነው አሉ። የዚያኑ ጧት ከሚኒባስ የወረደው ሙእሚን! አብረዋቸው የነበሩት ሽማግሌዎችም እጃቸውን ዘርግተው መረቁት፤ እሱም ሳያፍር መዳፉን ዘርግቶ ተቀበለ። እኔ ካቻቢቴዬን ይዤ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። እርስዎም አሚን በይ እንጂ አሉኝ። አሚን አልኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያ አሚን ይቆጨኛል። ያለ ምርቃት የወጣ ሥራ አይበረክትም፣ ከእኔ በኋላ ጋራዡን የሚይዘው ሰው የመረቀው እጅ ነው እያሉ ያሳደጉን እርስዎ አይደሉም? ታዲያ የእኔን ምርቃት እንዴት ለሌላ ሰጡ? ሴት ስለሆንኩ ከሆነ በግልጽ ይንገሩኝ። በማግስቱ ልብሴን ጠቅልዬ የወጣሁት በዚህ ነው።

መምህር አምባቸውም ያንን ምርቃት ሰምተው ነው ፔጆዋቸውን ለሙእሚን የሰጡት። አክስቴ እንደሰማችው፣ እሱ ሁለቱንም በር ባንዴ ፈትቶ ሞላዎቹን አንድ ጣሳ ውስጥ ጨመራቸው፤ ሲገጥም ተዛወሩበት። እጀታው አልቆም ሲለው ቀና ብሎ እንዲታይለት ከውስጥ በሽቦ ወጥሮ አሰረው። ተወጥሮ የታሰረ እጀታ ቁልፉን እንደ ሳበ ነው የሚውለው! ወደ አቀስታ ሲመጡ ጥምዝምዙ መንገድ ላይ በሩ ተከፈተና ባለቤታቸው የትምወርቅ ወደቀች። እዚህ ጤና ጣቢያ ሄጄ አየኋት፤ ክንዷ ተሰብሯል። የወንድምሽ እጅ የተመረቀ ነው ብለውን እኮ ነው አለችኝ።

ሞላው ስለተዛወረበት ብቻ አልፈርድበትም። ከካቻምና ጀምሮ እርስዎም ላይ ይዛወር ነበር። የግራውን ለቀኙ ገጥመው ለሶላት ሲወጡ፣ እስኪመለሱ እኔ ፈትቼ አስተካክል ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ አይደለም። ሥራው በእርስዎ ስም ወጣ፣ ምርቃቱም ለእርስዎ ሆነ፤ እኔም ከልቤ አሚን አልኩ፤ አንድም ቀን አልከፋኝም። ለእርስዎ ያደረግሁትን ግን ለሙእሚን አላደርገውም። እሱን ምን ብዬ እሸፍነዋለሁ?

እመጣለሁ። ለየትምወርቅ ስል ነው የምመጣው። የፔጆውን በር አንድ በአንድ ፈትቼ አስተካክላለሁ። እርስዎም በገበያው ዕለት፣ እዚያው ቦታ፣ አቶ አራጌና መምህር አምባቸው ባሉበት፣ ላንድሮቨሩን የሠራችው ሴቷ ልጄ ናት ይበሉ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም። ይህን ካላሉ ግን በመጣሁበት ሚኒባስ እመለሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ የማንም በር ቢንጠለጠል እኔን አይጥሩኝ።

አባዬ፣ ይህን ደብዳቤ ሀይፋም ብትሆን እንዳታነብልዎ። ፊደሉን እንደ ጣት አግዝፌ ስምንት ወረቀት የጨረስኩት፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ብቻዎን እንዲያነቡት ነው። የዓይንዎን ነገር ለእናቴም አልተናገርኩም፤ አልናገርምም።

አላህ ጤናዎን ይመልስልዎት፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። የእናቴን እጅ ይሳሙልኝ። ብናደድብዎትም ዱዓዎ አይለየኝ።

ላንድሮቨሩን የሠራችው ልጅዎ