በእናቴ አምበር ውስጥ ያለው ትል

ሰኞ፣ ጥር 18፣ ከቀኑ 9 ሰዓት። መርሳ
ልብስ አጥቤ ጨረስኩ። አክስቴ ዛሬም ጎረቤት ፊት ሰደበችኝ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰው ፈርቼ ነው አለች። ሳቁ። አንተ ደብተር ባትኖር እፈነዳ ነበር።
ግቢያችን ውስጥ የተከራየችው መ/ርት የአንገቴን አምበር አየችው። እናቴ ስትሞት ከአንገቷ ፈትተው የሰጡኝ አንድ ፍሬ ነው። መሃሉ ጥቁር ነገር አለ። ቆሻሻ ይመስለኝ ነበር። በስልኳ አጉልታ አሳየችኝ። ትል ነው! መንጋጋው እንደ ማጭድ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19
መ/ርት ሌሎች ፎቶዎች አሳየችኝ። አምበር የጥንት ዛፍ ሙጫ ነው። ሰው ሳይፈጠር፣ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ ትሎች በውስጡ ቀርተዋል። ያኔም አዳኞች ነበሩ። ያደኑትን ወግተው ይመጥጡ ነበር። አንዳንዱ እንግዳ መንጋጋ ነበረው፤ ዛሬ ዘሩ የለም። ሌላው ጉድፍ ጀርባው ላይ ጭኖ ይደበቅ ነበር፤ ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ አለ። ደጃችን አፈር ላይ ሾጣጣ ጉድጓድ ምሶ ጉንዳን የሚጠብቀውም ትል ዘመዳቸው ነው። የኔው ዕድሜው ስንት እንደሆነ ግን አላውቅም አለች።
እንግዲያ የሚደበቅ ሁሉ ፈሪ አይደለም። ደስ አለኝ። አክስቴን እያሰብኩ፣ በክፋት።

ሐሙስ፣ ጥር 21
ሞኝ ነኝ። ሞኝ!
የአክስቴ ልጅ እሑድ ታገባለች። አክስቴ ጌጥ ስትደረድር አንገቴን አየች። «እናትሽ እቴ! ፕላስቲክ አውርሳሽ ሄደች።» ደሜ ፈላ። ፈትቼ ሰጠኋት። መርፌ አግለው ይዩት አልኳት። እኛ ጋ አምበር የሚፈተነው እንዲያ ነው፤ የጋለ መርፌ ሲነካው ፕላስቲክ ከሆነ ይከረፋል፣ እውነተኛ ከሆነ ሙጫ ሙጫ ይሸታል።
ሙጫ ሸተተ። አሸነፍኩ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልመለሰችም። «ይሄማ የሙሽራ ነው። አንቺ ማን ሊያይልሽ?» ብላ የልጇ ድሪ ላይ ሰካችው። እጠላታለሁ። ራሴንም።

ዓርብ፣ ጥር 22፣ ጧት
መ/ርት እኔ ላናግርልሽ አለች። እምቢ አልኩ። አክስቴ እጅ የገባ ጌጥ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። የተከራይ ቃል አትሰማም።

ከቀኑ 8 ሰዓት
ከጎረቤት ከተማ ከግራና ሴቶች ድሪውን ሊያዩ መጥተዋል። እናቴን ያውቋታል። አምበሩንም አንገቷ ላይ አይተውታል። አክስቴ እነሱ ፊት መዋሸት አትችልም። ዛሬ ምግብ አቅርቤ አልወጣም። መሃል ቆሜ የእናቴ ነው፣ ይፍቱልኝ እላለሁ።
እየተጣራች ነው። አንቺ ድብቅ፣ ሳህን ይዘሽ ነይ ትላለች። ሳህን አልይዝም። ባዶ እጄን ነው የምገባው።