የእናትሽ ነጥብ

መጋቢት ፲፬ ቀን፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጓዳ

ለዓይኔ ብሌን፣ ለሚጣዬ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? በስልክ እንዳላወራሽ እናትሽ ከጎኔ አትጠፋም፤ ስለዚህ ብዕር አነሳሁ።

የማስታወስ ምርመራዋን ስትጠይቂኝ "ደህና ናት" ያልኩሽ ውሸቴን አልነበረም። አምና ከሠላሳው ሃያ ስድስት አገኘች፤ ቀጥሎ ሃያ አምስት፣ ከዚያ መልሳ ሃያ ስድስት። ሐኪሟም፣ "አባባ፣ አንድ ሁለት ነጥብ ከፍ ዝቅ ቢል ለውጥ አይባልም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይወርዳል፤ ጥያቄውን የለመደ ደግሞ ይወጣል" አለችኝ። ልቤ አርፎ ተመለስኩ።

ብዙም ሳይቆይ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ለሳል ብሎ ከእናትሽ መድኃኒት ቤት የወሰደውን መድኃኒት መልሶ አመጣ። የሰጠችው የስኳር ክኒን ነበር። "እትዬ ደክሟት ነው" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ቆሜ ሰማኋት። "መሰላል፣ ሎሚ፣ ድልድይ፣ መጋረጃ..." በምርመራው አስታውሺ የምትባላቸውን ቃላት እንደ ተማሪ እያጠናች ነው! ለሐኪሟ በጆሮዋ ነገርኳት። እሷም ክብደቱ እኩል፣ ቃላቱ ግን ሌላ የሆነ ጥያቄ አቀረበችላት። ገና የመጀመሪያው ቃል ሲጠራ እናትሽ ዞር ብላ አየችኝ። አስተያየቷን አልረሳውም።

አሥራ ዘጠኝ አገኘች።

"ይህን ያህል መውረድ እንዲያው በአጋጣሚ አይመጣም" አለች ሐኪሟ። "ቢሆንም በአንድ ቀን አልፈርድም፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግመን እንለካ።"

መንገድ ላይ እናትሽ፣ "ይህን ሁሉ ዘመን አብሬህ ኖሬ ሸጥከኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልወቀሰችኝም። እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ታቆላምጠኛለች። ሦስት ወሩ አለፈ፤ ሐኪም ቤት የሚባል አታሰማኝ ብላለች። ረዳቷንም "ትሰልይኛለሽ" ብላ አባረረቻት። እኔ የድሮው ሾፌር ስለ መድኃኒት ምን አውቃለሁ? መድኃኒት የገዛ ሰው በወጣ ቁጥር በጓዳው በር ተከትዬ የያዘውን አሳየኝ እላለሁ። አንዳንዱ ያሳየኛል፤ አንዳንዱ አብዷል ብሎኝ ይሄዳል።

ትናንት የደም ግፊቴን ክኒን እንደ ወትሮው በእጇ አቀበለችኝ። የኔ ነጭ ነው፤ ይህ ቢጫ ነበር።

"ዋጠው እንጂ የኔ ጌታ፣ ምን ታየዋለህ?" አለች፣ ውሃውን ይዛ ፈገግ ብላ።

ምላሴ ሥር አቆይቼ፣ ፊቷን ስታዞር ተፋሁት። ተሳስታ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አልጠየቅኋትም።

ከሥራሽ እንዳላስተጓጉልሽ ነይ አልልሽም። ክፍልሽን ግን አጽድቻለሁ፤ አልጋሽም ተነጥፏል።

የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ።

የሚሳሳልሽ አባትሽ