ናይሎን በሽተኛ

ልጄ ሚሶን፣ ባለሽበት አገር ጌታ በጥላው ያኑርሽ። ዘጠኝ ዓመት የደበቅሁሽ ጥፋት አለብኝ። ጤናዬ ደህና ነው፤ በእናትሽ መደብ የተከልሁት ቃሪያም ዘንድሮ ደርቷል።

ያኔ እኔና እናትሽ የተሳፈርንበት ታክሲ ከኋላ ሲገጭ ሁለታችንም ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ሐኪሙ ግን የት እንዳመመን ሳይጠይቅ ኢንሹራንስ እንዳለን ጠየቀና ሁለት ሳምንት አስተኛን። ሳይታመም ለካሳ ገንዘብ የሚተኛውን እዚህ ኮሪያ፣ ጉንሳን ከተማ፣ ናይሎን በሽተኛ እንደምንለው ታውቂያለሽ። እናትሽ «ምንም ሳልሆን?» ስትለኝ፣ «አንቺ ደግሞ! ሁሉም የሚያደርገው ነው። ጀርባዬን በይና ተኚ» አልኳት። ውሸት አልለመደባትም። ነርሷ «እማማ፣ ትናንት የሚያምዎት በቀኝ በኩል አልነበር እንዴ?» ስትላት ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጀርባዋን የእውነት አመማት። የኢንሹራንሱ ሰው የድሮውን መዝገብ አገላብጦ «እሳቸው እኮ ጀርባዬን ማለት ልማዳቸው ነው» አለና የምርመራውን ወጪ አልሸፍንም አለ። እሺ እስኪሉን ሦስት ወር ጠበቅን። በጀርባዋ ያደገው ዕጢ ግን አልጠበቀንም፤ ወሰዳት።

አንቺ በየደብዳቤሽ ኩባንያውን ትረግሚያለሽ፤ እኔም አንብቤ አጥፌ አስቀምጣለሁ። ጥፋት የለባቸውም አልልሽም። ግን እባክሽ ልጄ፣ እርግማኑን ተይው፤ ጌታ ልብሽን ያሳርፍልሽ።

ማክሰኞ ከንጋት ጸሎት ወጥቼ ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ «አባባ፣ ይሄ ፋይል እኮ ከተዘጋ ቆየ» አለችኝ። «እንግዲያው ክፈቺልኝ፣ ልጄ» አልኳት። «ውሸቱ የሚስቴ የኦክሱን አይደለም፤ የእኔ የባሏ ነው» ብዬ በእጄ ጽፌ፣ በፊርማ ቦታ ማኅተሜን አተምሁበት።