ሉሊት ብዬ ያነበብኩት

አሰላሙ ዓለይኩም ሸምሱዬ፣

ቡታጅራ ላይ ቀብረንህ ከተመለስን ስድስት ወር ሞላ። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ላንተ መዋሸት አልችልበትም፣ ደህና አይደለሁም። ሱቁን ወንድምህ ነስሩ ይዞታል። ባልዲና ጀሪካን ስትደረድርበት የነበረው በረንዳ ፊት አሁን ባጃጆች ይቆሙበታል። ቤት ውስጥ ደግሞ ወንበርህን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬው ከርሜአለሁ። ለምን እንዳዞርኩት ልነግርህ ነው የምጽፈው።

በሞትክ በሦስተኛው ሳምንት ነስሩ ለውርሱ ጉዳይ ያስፈልጋል ብሎ ከባንክ የሒሳብ መግለጫህን አመጣ። እንግሊዝኛ ስለሆነ አንቺ እይው ብሎኝ ሄደ። በዚህ ቤት አንባቢዋ እኔ አይደለሁ? አስረኛ ክፍል የጨረስኩት፣ የመጣ ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ የሚገፋው። አየሁት። በየወሩ ሳይዛነፍ እኩል ገንዘብ ይቆረጣል፤ አጠገቡ ስም አለ። ኤል፣ ዩ፣ ኤል፣ አይ፣ ቲ። ሉሊት።

ተቆራጭ ነው አልኩ። ወልቂጤ ላይ ሴት አለችው፣ ምናልባትም ልጅ። በየሐሙሱ ዕቃ ላምጣ ብለህ ወልቂጤ ስትሄድ፣ ማታ ደግሞ ያለወትሮህ ፊትህ ፈክቶ ስትገባ ትዝ አለኝ። ከሞትክ በኋላ እንኳ አንድ ጊዜ ተቆርጦላታል! እኔ የሰደቃውን ከየት አመጣለሁ ስል፣ የእሷ ደሞዝ አልተጓደለም።

ዒዳ ላይ ነኝ፣ አራት ወር ከአስር ቀን ከቤት አልወጣም፤ ባንክ ሄጄ አልጠይቅ ነገር። ላንተ ሐዘን ተቀምጬ ከሉሊት ጋር ከረምኩ። ቁመቷን፣ ሻሿን፣ አሳሳቋን ሳይቀር አወቅሁት። ለቅሶ የሚደርሱት ሰዎች አላህ ይዘንለት ሲሉ አሚን የምለው በአፌ ብቻ ነበር። በቀብርህ ቀን አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት ሲባል አውፍ ብዬህ ነበር፤ እዚያ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ መልሼ ወሰድኩት። እሱም አልበቃኝ፣ ለእህትህ ለራዲያ ነገርኳት። የራዲያ አፍ ወሬ እንደማይቋጥር ታውቃለህ። ከመስቃን እስከ ቡኢ ያለው ዘመድህ ሁሉ ሉሊትን ሰማ።

ዒዳዬ ባለቀ በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ባንክ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አየችና፣ እትዬ፣ ይሄ እኮ የሰው ስም አይደለም አለችኝ። ሉል ለብቻው፣ አይቲ ለብቻው ነው የሚነበበው፤ ተጣብቆ ስለታተመ ነው። የሶፍትዌር ድርጅት ነው፣ ባለቤትዎ ስልካቸው ላይ ለጫኑት ነገር በየወሩ ራሱ የሚቆርጥ። ምን ጭኖ? ስልክህን ከቦርሳዬ አውጥቼ እዚያው ከፈትነው። ለአዋቂዎች ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር ነበር። የሠራሃቸው ትምህርቶች በሙሉ የሐሙስ ናቸው።

ከዚያ መቁረጥ የጀመረበትን ወር ፈለግሁ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከአረፋ ቀጥሎ ያለው ወር ነው።

ያንን አረፋ አልረሳሁትም ሸምሱ። ወልቂጤ ላይ ሰላም ምግብ ቤት የሚለውን ታፔላ «በላም ምግብ ቤት» ብለህ አንብበህልኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ወንድሞችህ ሥጋ ላይ በተሰበሰቡበት አወራሁት። ባሌ በላም ምሳ ጋበዘኝ አልኩ። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። አንተም ሳቅክ፤ ከሁሉም ረዝሞ የሳቀው አንተ ነበርክ። ከዚያ ወዲህ ነስሩ በላም እያለ ሲጠራህ አቤት ትል ነበር። እኔ ቀልዱን የወደድከው መስሎኝ።

አሁንም ተናድጄብሃለሁ። አሥራ አራት ዓመት አብሬህ ስኖር፣ እስቲ ፊደል አስቆጥሪኝ ብትለኝ ምን ነበረበት? መልሱን ግን አውቀዋለሁ። ሰው መሀል በላም ያልኩህ እኔ ነኛ።

ጭንቀቴ ይሄ ነው። ስምህን ላጥራ ብል የደበቅከውን ማውጣት ሊኖርብኝ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ልጆችህ የሉሊት ነገር በጆሯቸው እየገባ ያድጋሉ። አረፋ ሦስት ሳምንት ቀረው። ዘመድ ሁሉ ሥጋው ላይ ሲሰበሰብ እናገራለሁ። በላም ስትሉት የነበረው ሰው በየሐሙሱ ተደብቆ ፊደል ሲያጠና ነበር እላቸዋለሁ፤ አስረኛ ክፍል የጨረሰችው ሚስቱ ግን አንድን ድርጅት ሴት አድርጋ አነበበች እላቸዋለሁ። ይሳቁብኝ። አንተ እንደቻልክበት አብሬ መሳቁን ግን እንጃ።

ወንበርህን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። ስልክህ ላይ ቀጥሎ የነበረው ትምህርት «ደብዳቤ ማንበብ» ይላል፤ ሳትጀምረው ሄድክ። ስለዚህ ይህን ጽፌ ስጨርስ ወንበርህ አጠገብ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነብልሃለሁ። ሐሙስ በመጣ ቁጥርም ዱዓ አደርግልሃለሁ፤ ሐሙስን ከእንግዲህ ለሌላ ነገር አልሰጠውም።

እኔ አውፍ ብዬሃለሁ፣ አሁን በልቤ። አንተ አውፍ ትለኝ እንደሆን ግን ሄጄ የምጠይቅበት መስኮት የለም።

ባለቤትህ ዘይነባ