እናታችን በማን ፀሐይ ታፍጥር

ውድ ወንድምዓለም፣

ደህና እንደሆንክ አውቃለሁ። በየምሽቱ ድምፅህን እየሰማሁ «ጤናህ እንዴት ነው» ብልህ ለወግ ያህል ይሆንብኛል፤ ዛሬ ደግሞ ለወግ የሚተርፍ ትዕግሥት የለኝም። ተናድጄብሃለሁ። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ ግን ስልክ ያንተ ሜዳ ነው። ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና ሾፌሮችን በስልክ ስታሰማራ የምትውል ሰው፣ ሌላው አፉን ሳይከፍት «ገባኝ፣ ገባኝ፣ በቃ» ብለህ ታልፈዋለህ። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብህ። ይህን የሚያደርስልህ ለመጋረጃ ቤታችን ጨርቅ ጭኖ የመጣው ያንተው ሾፌር ነው። «ለአለቃዬ የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። «ሲያነበው ፊቱን እየውና ትነግረኛለህ» አልኩት።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር፤ ከሥሩ ካልነገሩህ «ይሄ እኮ ትንሽ ነገር ነው» ማለት ትወዳለህ። አባዬ በሕይወት ሳለ በረመዳን ምሽት የቤታችን ሰዓት እሱ ነበር። መስጊዱ ከወጥ ቤታችን መስኮት ፊት ለፊት ነው፤ ሙአዚኑ አዛን ሊል ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ ይሰማናል። ቢሆንም አባዬ አዛኑን ሰምቶ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ የመጀመሪያዋን ቴምር በእጁ ካልሰጣት እማዬ ምንም አትቀምስም ነበር። እሱን ቀብረን አንተ ወደ ሥራህ ልትመለስ ስትል በሩ ላይ እጇን ይዘህ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ረመዳን በመጣ ቁጥር እየደወልኩ አብረን እናፈጥራለን» አልካት። እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ ጥሩ ልጅ ነው ብዬ አልቅሻለሁ። ጎረቤቱም ሰምቶ «የስልኩ ሙአዚን» የሚል ስም አወጣልህ። ስሙ እስካሁን አለ፤ ሲጠሩህ የሚያሳዩት ፈገግታ ግን የለም።

ወንድሜ፣ አንተ ያለህበት ከተማ ከኛ ወደ ምዕራብ ነው። የግድግዳ ሰዓታችንና ያንተ የእጅ ሰዓት አንድ ቢያሳዩም ፀሐይ የሰዓት ተቀጣሪ አይደለችም፤ እኛን ተሰናብታ ነው አንተ ጋ የምትደርሰው። እኛ ጋ ሰዉ አፍጥሮ፣ ሰግዶ፣ ሾርባውን ጨርሶ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ሲያስደግፍ፣ አንተ ጋ ገና ጣሪያው ላይ ብርሃን አለ። አንተ የምትደውለው ባንተ መግሪብ ነው፤ እማዬ የምታፈጥረው አንተ ስትደውል ነው። ንጋት ላይ ደግሞ አንተ ገና ሱሑርህን ስትበላ፣ እሷ በኛ ፈጅር አፏን ከያዘች ቆይታለች። በኛ ንጋት ይዛ ባንተ ምሽት ትፈታለች ማለት ነው። ቀኑን ከሁለቱም ጫፍ ጎትተው ያስረዘሙባት እንደሷ ያለ ፆመኛ ካለ ጥራልኝ።

እሷ ደግሞ ስኳር ያለባት ሴት ናት። ሐኪሙ «ቢተዉት ይሻላል» ብሏት ነበር፤ ፊቱ ተቀምጣ ስታለቅስበት ነው የተረታው። «እሺ እናቴ፣ ግን አዛን እንዳለ ወዲያው ይቀምሳሉ፣ ትንሽም አያዘገዩም» አላት። «እሺ ልጄ» አለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ቤት ስንገባ የገባችው ቃል ጫማዋን ስታወልቅ አብሮ ወለቀ።

«እማዬ፣ አዛን ብሏል።»

«ሰማሁ፤ ደንቆሮ አደረግሽኝ እንዴ?»

«ታዲያ ቴምሯን ብዪያ።»

«እሱ ገና ነው።»

«የሱ ፀሐይ ሌላ፣ የኛ ፀሐይ ሌላ።»

«ፀሐይ አንድ ናት፤ አታብዢብኝ። ልጄ በባዶ ሆዱ ሲደውልልኝ እኔ አፌን ሞልቼ ላናግረው ነው?»

ስጨቀጭቃት ጊዜ ብልሃት አመጣች። አዛኑ እንዳለ ቴምሯን አፏ ውስጥ ትከታለች፣ አገጯን ታንቀሳቅሳለች፣ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፤ እኔ ሾርባ ላወጣ ዞር ስል መሐረቧ ላይ ትመልሳታለች። ትራሷን ላራግፍ ሳነሳ ነው መሐረቡን ያገኘሁት፤ ቴምሮቹ ጥርስ አልነካቸውም። ለመብላት የሚደበቅ ሰው አይተናል፤ ለመፆም የምትደበቅ ግን ያንተ እናት ብቻ ናት። ስቄም አለቀስኩ፣ አልቅሼም ሳቅኩ።

ያን ዕለት አይደል የደወልኩልህ? «አንድ ቃል በላት፤ በኛ አዛን እንድታፈጥር አንተ ንገራት፣ ከኔ አትሰማም» አልኩህ። ምን መለስክልኝ? «ተያት እህትዬ፣ ደስ ይላታል። ትንሽ ብትቆይ ምን ትሆናለች?» ማፍጠርን ማፋጠን እንጂ ማቆየት ፅድቅ እንዳልሆነ ልጅ ሆነን ያስተማርከኝ ማን ሆነና ነው? ቴምር ይዤ ስለግም «ፀሐይዋ ጠልቃለች፣ አሁን መጠበቅ ግትርነት ነው» ብለህ የጮህክብኝ አንተ አይደለህም?

ይሄን ሁሉ አለማወቅ ነው ብዬ ልተወው እችል ነበር። ልተወው ያልቻልኩት ሾፌርህ ጨርቁን ሲያወርድ የነገረኝን ነው። «አለቃችን ካልደወለ የማያፈጥሩት እናት የናንተ ናቸው እንዴ?» አለኝ። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል አሉ። ሻይ ቤት ተቀምጠህ «እናቴ ያለኔ ውሃ አትቀምስም» እያልክ ታወራለህ፤ ሰዉም «ታድለህ» ይልሃል። የእናትህን ረሃብ እንደ ኒሻን ደረትህ ላይ ሰክተህ ትዞራለህ ማለት ነው። አንተ ግን አንድ ቀን እንኳ የሷን ድምፅ ጠብቀህ ፆምህን አቆይተህ ታውቃለህ? ያንተ አዛን እንዳለ ቴምርህ አፍህ ውስጥ ናት፤ ስልኩ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ስታኝክ እሰማሃለሁ እኮ።

አሁን ሐሙስ ዕለት የሆነውን እንዳለ ላውራልህ። አንተ የሰማኸው የራስህን ወሬ ብቻ ነው።

የኛ አዛን አለ። ለመንኳት። ጥርሷን ነክሳ አየችኝ። ስልኩን እንደ ጫጩት ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። ሾርባው ላዩ ላይ ቆዳ አወጣ። ያንተም መግሪብ ደረሰ፤ ስልኩ አልጮኸም። «መንገድ ላይ ይሆናል» አለች። ደወልኩልህ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳውም። «ኔትወርኩ ነው፣ ልጁን አታጣድፊው» አለች። ግንባሯ ላይ ላብ አየሁ። ቴምሯን ላቀብላት ስል እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ደግሞ አልተቀበለችኝም። ከዚያ በሩን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ «አባታችሁ ዛሬ ምነው ቆየ?» አለችኝ።

ወንድሜ፣ ይሄን ቃል እኔ ነኝ የሰማሁት። አንተ አልሰማኸውም።

ከወንበሩ ስትንሸራተት ጮኼ ነው መሰለኝ፣ ከላይ ያለችው አዋላጇ ጎረቤታችን በባዶ እግሯ ወረደች። «ስኳር፣ ቶሎ» አለችኝ። በውሃ በጥብጣ በማንኪያ ጠብ እያደረገች «እማማ፣ እኔን ይዩኝ፣ ይዋጡ፣ እንዲህ ነው» እያለች ጉንጯን ትደባብሳለች። እኔ የእማዬን እግር ይዤ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፤ ከዚያ በላይ ምንም አልረባሁም። እማዬ ዓይኗ ተመልሶ ሰው መለየት ስትጀምር ስልኩ ጮኸ። ያነሳችው አዋላጇ ናት።

«አቶ ሙአዚን፣ ዘገየህ» አለችህ።

አልገባህም፤ ሳቅክ። ከኋላህ የሳህንና የማንኪያ ድምፅ፣ የሰው ሳቅ ይሰማል። ሥራ አስኪያጁ ቤት ተጋብዘህ፣ ስልክህ ካፖርትህ ኪስ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። «አፈጠራችሁ አይደል?» አልክ። ስልኩን ተቀብዬ ነገሩን ስነግርህ መጀመሪያ ከአፍህ የወጣው «ተረፈች ወይ» አልነበረም። «አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ ለምን አላስገደድሻትም?» ነበር።

ይኸው ነው ያንገበገበኝ። በማግስቱ ደግሞ አክስታችን ደወለች። «ልጄ፣ እናትሽን እንዲህ ትጥያታለሽ?» አለችኝ። ማን ነገራት? እኔ አልነገርኳት፣ አዋላጇ ስልኳን አታውቀው። ማታውኑ ደውለህ ጥፋቱን እኔ ላይ ጭነህ ተኛህ። አንተ ጭነት ማከፋፈል ታውቅበታለህ።

ላስገድዳት? በእናቴ አፍ ቴምር በጉልበት ልሰግስግ? መድኃኒቷን የማቀርበው እኔ፣ እግሯን የምቀባው እኔ፣ ስልክህ በጮኸ ቁጥር ፊቷ ሲበራ ቆሜ የማየው እኔ። በዚህ አልቀናም፤ እናት እንዲህ ናት፣ ሩቅ ላለው ነው አንጀቷ የሚላወሰው። ግን ያን ሁሉ ብርሃን ይዘህ ለአንድ ቃል ሰሰትክባት።

ኢማሙን ሳይቀር ቤት ድረስ አምጥቻቸዋለሁ። «ፆም የሚፈታው አንቺ ባለሽበት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ለታመመም አላህ ገር አድርጎታል» አሏት። «እውነት ብለዋል» ብላ አንገቷን ደፋች፤ በር ድረስ ሸኘቻቸው። ያን ምሽት ደግሞ ጠበቀችህ። ለካ ነገሩ የዕውቀት ጉዳይ አይደለም። አንተን ሳታበላ መብላት አትችልም፤ ትንሽ ሳለህ የለመደችው ነው፣ ከእንግዲህ አይለቃትም። ስለዚህ ሐኪሙም፣ ኢማሙም፣ እኔም አንችልላትም። አንተ ያሰርከውን አንተው ፍታው።

የምልህን ስማ። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን በኛ አዛን ደውል። ያንተን አዛን አትጠብቅ። እምቢ ካልክ ሻንጣዋን አዘጋጅቼ ይኸው ሾፌርህ ተመልሶ ሲመጣ እሷን ከጎኑ አስቀምጬ እልክልሃለሁ፤ እዚያው ካንተ ፀሐይ ሥር ትፁም፣ ስትንቀጠቀጥ አንተው በማንኪያ አጠጣት። ለአክስታችንም ያኔ እኔ እደውልላታለሁ። ቀልድ እንዳይመስልህ፤ ሻንጣው ከአልጋው ሥር ወጥቷል።

ስትደውል አንተ ጋ ገና ብርሃን ይሆናል። ከንፈርህ ደርቋል፣ ሆድህ ይጮኻል፣ ሾፌሮችህም ይነዘንዙሃል። እንደዚያ ሆነህ «እማዬ፣ እኔ ገና ነኝ፤ አንቺ ብዪ» በላት። «አንተስ?» ትልሃለች። ይሄን አልፈህ እንዳትሄድ፤ «አፍጥሬያለሁ» ብለህም እንዳትዋሻት፣ ድምፅህን ካንተ በላይ ታውቀዋለች። «እኔ ቆይቼ ነው፤ አንቺ ስትበዪ መስማት እፈልጋለሁ» በላት። ትከራከርሃለች፣ ታለቅስ ይሆናል፣ አባዬንም ታነሳብህ ይሆናል። አትቸኩልባት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወትህ ስልክ ይዘህ ዝም በል። እኔ ቴምሩን እጇ ላይ አስቀምጬ ወደ ወጥ ቤት እሄድላችኋለሁ። ስታኝክ ትሰማለህ፤ ጥርሷ ጥቂት ስለቀረ ጊዜ ይወስዳል። ውጣ እስክትጨርስ ስልኩን አትዝጋ። ከዚያ ብቻህን ተቀምጠህ ፀሐይህን ጠብቅ።

እስክትደውል ድረስ ያኮረፈችህ፣
ታናሽ እህትህ