ማን ቀድሞ ይውጣ?

ጥቅምት 4

አትክልቶቹን አጠጣሁ። የኩሽናውን መደርደሪያ አራግፌ ብርጭቆዎቹን በቁመታቸው ደረደርኩ። ጡረታ ማለት ይሄ ነው… የሚሰለፍ ተማሪ ሲጠፋ ብርጭቆ ማሰለፍ።

ልጄ ዛሬም አምሽታ ገባች። "ምን በላሽ?" "ስብሰባ ነበረን።" ስብሰባ ይበላል እንዴ? የካሮት ሾርባ አቀረብኩላት። አንድ ሁለቴ ፉት አለችና ሆዷን ይዛ ወደ መኝታዋ ገባች። ጡረታ የወጣሁት እኔ፣ ያለቀላት የምትመስለው እሷ።

ጥቅምት 6

እንደምንም ለምኜ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ጨጓራ ነው። "ራትሽን በጊዜ ብዪ፤ በጊዜ ተኚ" አላት። "መድኃኒት የለውም?" አለች። "መድኃኒቱ እኮ እሱ ነው።" ቅር አላት። ነጭ ሽሮፕ ሲጨምርላት ፊቷ ፈካ። የሚገዛ ነገር ካልሆነ መድኃኒት አይመስላትም።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ "እማዬ፣ የክፍል ኃላፊነቱ ቦታ ክፍት ነው። እስኪያልቅ ልታገሥ።"

"ምኑ እስኪያልቅ? ጨጓራሽ?"

አልሳቀችም።

የምትሠራው መድን ድርጅት ነው፤ የካሳ ክፍል። የሰው መኪና ስንት እንደተጎዳ ስትመረምር ትውላለች። የራሷን ጉዳት የሚመረምርላት የለም።

ጥቅምት 9

ለምን በመውጫ ሰዓት እንደማትወጣ በቀጥታ ጠየቅኳት።

"አለቃው ሳይወጣ ማን ይወጣል?"

"ሕግ ነው?"

"አይደለም።"

"እሱ ነው ያለው?"

"ማንም አላለም እማዬ። ይታወቃል።"

ይታወቃል! ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምሬያለሁ። ተማሪ "ይታወቃል" ሲለኝ "እንዴት ታወቀ?" እለዋለሁ። ዝም ካለ ይቀመጣል። እሷም ዝም አለች። ግን ተነስታ ሄደች።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ራት ይዤ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ።

ጥቅምት 12

ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ፊት ለፊቱ መስታወት። ከመስታወቱ ወዲያ እነሱ። ከዚህ የተሻለ የመመልከቻ ቦታ በቤተ ሙከራም አላገኘሁም።

የመውጫ ሰዓት ደረሰ። ማንም አልተነሳም። አንዷ እስክሪብቶዎቿን በቀለም ለየች፤ ቀላቀለቻቸው፤ እንደገና ለየች። አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ ካርታ ይጫወታል፤ በር ሲንቋቋ ካርታው ጠፍቶ ሠንጠረዥ ይመጣል። የኔዋ ጉድ ደግሞ ቀን የጻፈችውን መልእክት አስቀምጣ ኖሮ፣ ሲመሽ አንድ በአንድ ትልካለች። የተላከበት ሰዓት ይታያላ!

ጥጉ ላይ የአለቃው ክፍል። መብራቱ በርቷል። ሁሉም አንገቱን ወደዚያ አዙሯል፣ እንደ ሱፍ አበባ።

ራቷን ኮሪደር ላይ ቆማ በላች። እየበላች ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ምን ዓይነት መብል ነው?

ጥቅምት 13

ዛሬም ራት ይዤ ሄጄ ከልጄ ጎን አንድ ኮት አየሁ። ጠረጴዛ ላይ መብራት በርቷል፣ መነጽር ተቀምጧል፣ ወንበሩ ላይ ኮት ተሰቅሏል። ሰው ግን የለም።

"የት ሄዶ ነው?" አልኳት።

"ከምሳ ጀምሮ የለም።"

"ኮቱስ?"

"ሁለት ኮት አለው። አንዱን ይለብሳል፣ አንዱ ሥራ ላይ ይውላል።"

ባለ ኮቱ ብዬዋለሁ። ለኃላፊነቱ ቦታ የሚፎካከራት እሱ ነው አሉ። ተፎካካሪዋ ኮቱ ይሁን ሰውዬው አልተጣራም።

ጥቅምት 17

ጉድ ሰማሁ!

ዛሬም አግዳሚው ላይ ነኝ፤ ምሳ ዕቃው ጭኔ ላይ። የጥጉ በር ተከፈተ፤ ሁሉም አቀረቀሩ። አለቃው ወጣ። ቀጠን ያለ፣ ጎልማሳ፣ ዓይኑ የቀላ። ውሃ ቀድቶ አጠገቤ ቁጭ አለና ከኪሱ ሽሮፕ አወጣ። ነጭ ነው። ልጄ የምትጠጣው ያው ራሱ!

"ማንን ይጠብቃሉ፣ እናቴ?"

"ልጄን።"

"ከነዚህ አንዷ ናት?" ብሎ ወደ መስታወቱ በአገጩ አመለከተ። ማንኛዋ እንደሆነች አልጠየቀም። "እኔም እነሱን ነው የምጠብቅ።"

"ምን አድርጉ ብለህ?"

"እንዲወጡ ነዋ። እነሱ አይሄዱ፤ እኔ ቀድሜ ብወጣ ምን ይሉኛል? አዲስ አለቃ፣ ሰነፍ! ከኔ በፊት የነበረው ሠራተኛውን ጥሎ ይወጣል ተብሎ ነው የተነሳ። እኔ እንዲህ ዓይነት ትጉህ ሰው አይቼ አላውቅም፣ እናቴ። ባለቤቴ ግን ትዕግሥቷ ሊያልቅ ነው።"

ሽሮፑን ጠጥቶ ተመልሶ ገባ። በሩን ዘጋ።

እዚህ ላይ ምልከታው አበቃ። እሱ እነሱን፣ እነሱ እሱን። መብራቱንና ሽሮፑን የሚሸጡት ብቻ አተረፉ።

ጥቅምት 18

ነገርኳት። አላመነችም።

"እንዲያው ጨዋታ ብሎ ነው።"

"በሽሮፕ ይጫወታል?"

ጫማዋን እያወለቀች፣ "እሺ እውነት ይሁን። ማን ይጀምር? የመጀመሪያዋ ቀድማ ወጪ እኔ ከሆንኩ ቦታው ለባለ ኮቱ ነው። ስምንት ዓመት ለፍቼበታለሁ እማዬ። አደራሽን፣ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ።"

ይሄ ነው የከፋው። እያወቁ መቀመጥ።

ጥቅምት 20

ሽሮፑን ጨርሳ ሌላ ገዛች። የአሁኑ ትልቁ ጠርሙስ ነው። ይረክሳል አለችኝ።

ጥቅምት 23

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ከመውጫ ሰዓት በኋላ ነው። በመስታወቱ አያታለሁ። ወንበሯ ላይ ታጥፋ ቀረች። ግንባሯ ጠረጴዛው ላይ፣ እጇ ሆዷ ላይ። ሮጬ ገባሁ። ባለ እስክሪብቶዋ ጀርባዋን እያሻሸች ምን ትላለች? "ትንሽ ቻይው፤ አሁን ይወጣል።" ሕመሙ መስሎኝ ነበር። ለካ አለቃውን ነው!

የጥጉን በር አንኳኳሁና ፈቃድ ሳልጠብቅ ገባሁ። ሰውዬው ጠረጴዛው ባዶ፣ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

"ልጄ፣ አንተ ቤት የለህም?"

"አ… አለኝ።"

"ቦርሳህን ያዝ። ተነስ። ውጣ!"

በዚያ የክፍል ድምፅ ከተናገርኩ ዓመታት አልፈዋል። አሁንም ይሠራል። ተነሳ። ቦርሳውን ይዞ፣ ቀና ሳይል፣ በእነሱ መሐል አልፎ ወጣ።

እግሩ ኮሪደሩን ከመልቀቁ እንደ ተደወለለት ክፍል ሁሉም ብድግ! ወንበር ተንጋጋ፣ መብራት ጠፋ። ልጄን ደግፌ ሊፍቱ ጋ ስደርስ ሞልቶ ወርዷል። አንድ "ምን ሆነች?" ያለ የለም። ሕመምተኛ ይዤ ቀጣዩን ጠበቅኩ።

ሐኪሙ፣ "ቆስሏል። እንዲህ ከቀጠለ ይደማል" አለ። ቃል በቃል ጻፍኩት፤ ኋላ "እንዲያ አላለም" እንዳትለኝ።

ጥቅምት 25

ተኝታለች። አኩርፋኛለች።

"አዋረድሽኝ። አለቃዬን እንደ ተማሪ!"

"ወጣ ወይስ አልወጣም?"

"ቦታው ሄደ በቃ!"

ከሰዓት ስልክ ጮኸ። አለቃው። ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ። ስለ ጤናዋ ጠየቀ። ባለፈው የሆነው ነገር "ትምህርት ሰጪ" ነበር አለ። ስለዚህ… በጊዜ የመውጣት ግብረ ኃይል አቋቁሟል! ሰብሳቢዋ እሷ ናት። በደንብ ከመራችው ለኃላፊነቱ "ይታይላታል"።

"ስብሰባው መቼ ነው?" አለች።

"ከሥራ ሰዓት በኋላ። ሥራ እንዳይበደል።"

ትራስ አፌ ላይ ይዤ ሳቅኩ። እሷ ደግሞ ምን አለች? "እሺ!" ጨጓራዋ ቢሰማ ኖሮ ያኔውኑ ሥራውን ይለቅ ነበር።

ጥቅምት 30

ዛሬ የግብረ ኃይሉ የመጀመሪያ ስብሰባ ነው። እኔ እንዳልሄድ ተከልክያለሁ። ድንች እየላጥኩ ስብሰለሰል በሩ ተከፈተ። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም።

"አመመሽ?"

"አላመመኝም።"

"ተባረርሽ?"

"ስብሰባውን ዘጋሁት።"

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ቁጭ ብላ አወራችኝ። ለካ የዛሬው ከመውጫ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የተጀመረ፤ አለቃው መክፈቻ ንግግር ነበረው። ከንግግሩ በኋላ ባለ ኮቱ እጁን አወጣ፤ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም፣ መጠይቅ ይበተን፣ በጊዜ የሚወጡ መሥሪያ ቤቶች ይጎብኙ። ሌላው ደገፈ። ይሄኔ ሆዷ ነደደባት።

"ከዚያስ?"

"'ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ። የመውጫ ሰዓት ደርሷል። ስብሰባው ተዘግቷል' አልኩና ቦርሳዬን አነሳሁ።"

"ባለ ኮቱስ?"

"'አጀንዳው አላለቀም' አለ። 'እንግዲያው አንተ ጨርሰው' አልኩት።"

"አለቃውስ?"

"ተከትሎኝ ወጣ። ታች ስንደርስ ግራ ቀኝ አየና፣ 'እግዜር ይስጥሽ' አለኝ። በሹክሹክታ!"

ድንቹን አብረን ላጥን። ልጣጩን ታወፍራለች። ምንም አላልኩ… እሺ፣ አንዴ ብቻ ተናገርኩ።

ኅዳር 8

ሹመቱ ተለጠፈ። ባለ ኮቱ። ምክንያት፣ "ለሥራ ያሳየው ትጋት።" ኮቱም አብሮ የተሾመ መሰለኝ፤ ከሁለቱ የተጋው እሱ ነው።

አለቃው ጠርቶ አጽናናት አሉ። "ከሁሉ ጎበዟ አንቺ ነሽ። ግን ሰው በጊዜ የምትወጣዋን ሾመ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?"

ምን ይባላል!

መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ አለቀሰች። ውሃው አልሸፈነውም። በሩ ላይ ቆሜ ምን ልበል? "ይሻላል" ልበላት? ስምንት ዓመት ነው። አላልኩም። ራት አቀረብኩ። ዓይኗ አብጦ መጣች፤ በላች። ሁሉንም።

ኅዳር 10

"ነገስ መቼ ትወጫለሽ?" አልኳት።

"በመውጫ ሰዓት።"

"ቦታው እኮ ሄዷል። ከእንግዲህ ማንን ልታሳዪ ነው?"

"ማንንም።"

ለዚህ መልስ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻታለሁ፤ በልቤ።

ኅዳር 21

ባለ እስክሪብቶዋና ባለ ካርታው አሁን ከእሷ ጋር ይወጣሉ። የቀሩት አዲሱን ኃላፊ ይጠብቃሉ። አዲሱ ኃላፊ አለቃውን ይጠብቃል። አለቃው በጓሮ በር መውጣት ጀምሯል አሉ፤ ባለ ኮቱ እስካሁን አልሰማም። ማን ይንገረው? ይታወቃል።

የክፍል ኃላፊ አልሆነችም። አንዳንድ ጠዋት ያን የተለጠፈ ወረቀት ስታልፍ እንደሚያማት አውቃለሁ፤ አትነግረኝም፣ አልጠይቃትም።

ዛሬ ራት ላይ ስልኳ ጮኸ። ባለ ኮቱ። "አንድ ፋይል ብቻ…" "ነገ ጠዋት እናየዋለን፣ ጌታው" ብላ ዘጋችው። ማንኪያዋን አነሳች፤ አንዴ ቀመሰች፤ ሁለተኛ ቀመሰች፤ ፊቷን አኮሳተረች።

"እማዬ፣ ይሄ ሾርባ ጨው የለውም እኮ።"

ምን? ስንት ወር ያንኑ ሾርባ እንደ ውሃ ስትውጥ ኖራ! ዕድሜ ልኬን የሠራሁበት እጅ ዛሬ ተነወረ? ተቆጣሁ። እሷ ተነስታ ጨው ፍለጋ መደርደሪያዬን ታተራምሳለች።

ነገ ልጨምርበት? አልጨምርም። ራሷ ትጨምር። ጊዜ አላት።